ሲሶ ላይ የቆመው ጌጅ

ቢሴሳር ፊጂ ደሴት ላይ የዋይኮሮ ሰፈርን ሰው ወደ ላምባሳ ከተማ ገበያ ሲያመላልስ የኖረ ሹፌር ነው። ረጅምና ቀጭን፣ ከፀጉሩ ቀድሞ ጢሙ የሸበተበት፣ ሲያናግሩት መሬት መሬት የሚያይ ሰው። ከባሕር ማዶ ለሥራ የመጡት አያቶቻችን የቆረቆሩት ሰፈራችን በሸንኮራ እርሻ መሀል ተበታትነው የቆሙ የቆርቆሮ ቤቶች ናቸው። አውቶቡስ ወደ ውስጥ አይገባም። ደበርጃኑን፣ ባሚያውን፣ የታሰረውን ዶሮ ጭኖ የናምባሊን ዳገት የሚወጣው የቢሴሳር ፒካፕ ነበር። ሴቶቹ ከኋላ በተገጠመው አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ፤ ዝናብ ሲመጣ ሸራ ይወረወርላቸዋል። አዝግሞ ይሄዳል እያሉ ያሙት ነበር። ሲወርዱ ግን ይመርቁታል።

መኪናዋ የእሱ ብቻ አልነበረችም። አባታቸው ሱክዴኦ እንጨት ከሚቆርጡ ሰዎች አሮጌ ሆና ገዝቷት ሲሞት ለሁለቱ ልጆቹ ተዋት። ታላቅየው ራምባሮስ ይባላል። ከቢሴሳር በጣም ይበልጣል፤ እናታቸው ቀድማ ስለሞተች ያሳደገው እሱ ነው ማለት ይቻላል። ራምባሮስ የማክሰኞው የጸሎት ማኅበር መሪ ነው፤ ቢሴሳር ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ ከበሮ መቺው። ቤቶቻቸው ጎን ለጎን ናቸው፣ በመሀል ትንሽ የውሃ ቦይ ታልፋለች።

መኪናዋን በሳምንት በሳምንት ይቀባበሉ ነበር። አንድ ሳምንት ቢሴሳር ገበያተኛ ያመላልስባታል፤ አንድ ሳምንት የራምባሮስ ልጅ ሂራላል ለእርሻው ሥራ ይወስዳታል። ስለ ናፍጣ ብዙ ንግግር አልነበራቸውም። ስምምነታቸው አንድ ነበር፦ እሁድ ዕለት ቁልፉ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የነዳጁ ጌጅ ግማሽ ላይ መቆም አለበት። ሁለቱም ጋቢናው ውስጥ አንገታቸውን ያስገባሉ፣ ያያሉ፣ በቃ። አባታቸውም እንደዚያ ነበር የሚያስረክባቸው።

የሆነው ነገር የሆነው በየካቲት ነው፤ ዝናቡ ቀን ከሌት በሚወርድበት ጊዜ። ተራው የቢሴሳር ነበር። መንገዱ ጭቃ ሆኖ ሳምንቱን በሙሉ በከባድ ማርሽ ሲወጣና ሲወርድ ሰንብቷል። አርብ ጠዋት የራምባሮስ ሚስት ፉልማቲ ቦዩን ተሻግራ እየሮጠች መጣች። ምራቷን ሩክሚኒን ምጥ ይዟታል፣ ከታሰበው ቀን ቀድሞ። ባሏ ሂራላል ለሥራ ከተራራው ማዶ ሳቩሳቩ ከተማ ነው። ራምባሮስም እዚያው ማዶ ለቅሶ ሄዷል።

ቢሴሳር ሴቶቹን ጋቢና አስገብቶ ተነሳ። ሩክሚኒ መሀል ተቀመጠች፣ ጉልበቷ ማርሹን እየነካ። ጌጁ ትክክል ዓይኗ ፊት ነበር።

የናምባሊ ዳገት አጋማሽ ላይ ሞተሩ ሳል ጀመረው። አንዴ ተንቀጠቀጠ፣ ትንሽ ጎተተ፣ ጠፋ።

«ምን ሆነ?» አለች ፉልማቲ።

«ቆይ ባውጂ፣ አየር ስቦ ይሆናል።» የታላቅ ወንድሙን ሚስት እንዲያ ነው የሚጠራት።

ሩክሚኒ ዳሽቦርዱን በሁለት እጇ ይዛ ትተነፍሳለች። «አጎቴ፣ ናፍጣ አልቆ እንዳይሆን?»

«አላለቀም ልጄ። ይኸው ሲሶ ይላል፤ ላምባሳ ደርሶ ይመልሰናል።»

እሷም አየች። መርፌው ሲሶ ላይ ነበር።

ቢሴሳር ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ። ፊልትሮው ላይ ያለችውን የእጅ ፓምፕ ደጋግሞ ጫነ፤ የሚወጣው አረፋ ብቻ ነው። ከመኪናው ሥር ገብቶ ናፍጣ የሚቀመጥበትን ሰልባቲዮ በጣቱ አንጓ አንኳኳ። እንደተመታ ባዶ በርሜል ጮኸ። ጭቃው ውስጥ በጀርባው እንደተኛ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ተነስቶ ወደ ናምባሊ መንደር ሮጠ።

የመንደሩ የፊጂ ተወላጅ ሴቶች ምንጣፍና ትኩስ ውሃ ይዘው ወረዱ። ቪሊማይና የምትባል ጉልበተኛ ሴት ሁሉንም ታዛለች። ሩክሚኒን ከጋቢና አውጥተው ከኋላ አስተኟት፣ ሸራውን ከላይ ወጠሩት። ቢሴሳር የሸራውን አንዱን ጫፍ ፊቱን ወደ ጫካው አዙሮ ይዞ ቆመ፤ የሰበሰበው የዝናብ ውሃ አንገቱ ላይ ይወርድ ነበር። ከቀትር በፊት ልጅቷ ተወለደች።

«ሹፌሩ ነው የበለጠ ያማጠው!» አለች ቪሊማይና፤ ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። ቢሴሳር አልሳቀም።

የመንደሩ ወንዶች ከእንጨት ቆራጮች ሰፈር አንድ ጀሪካን ናፍጣ አመጡለት። ሰልባቲዮው ውስጥ ጨመረ፣ የገባውን አየር አስወጣ፣ አስነሳ። እናትና ልጅ ላምባሳ ሆስፒታል በሰላም ደረሱ። ልጅቷን ፑሽፓ አሏት። ሰፈሩ ግን እስከ ዛሬ «የዳገቷ» ነው የሚላት።

ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር።

ራምባሮስ ከለቅሶ ሲመለስ ወሬው ከእሱ ቀድሞ ደርሷል። መንገድ ላይ የሰፈሩን ባለሱቅ ቃልም ሰምቷል፦ ረቡዕ ዕለት ቢሴሳር ጀሪካን ይዞ ወደ መጋዝ ቤቱ ሲሄድ ታይቷል። መጋዝ ቤቱ ደግሞ ናፍጣ አያገኝም እየተባለ ነው። ራምባሮስ እግሩን ሳይታጠብ ወንድሙን በረንዳው ላይ አስጠራው። ጎረቤት ሁሉ ልጅቷን ሊያይ መጥቶ ነበር፤ እኔም ነበርኩ።

«ናፍጣው የት ሄደ?» አለው።

«ጌጁ ሲሶ ይል ነበር ባይያ» አለ፤ ታላቅ ወንድሙን የሚጠራበት ቃል ነው።

«እና መኪና ሲሶ እያለው ይቆማል?»

«ሰልባቲዮው ባዶ ነው። ጌጁ ነው የተሳሳተው። ባዶ ሆኖም ሲሶ ይላል።»

ራምባሮስ ከበረንዳው ወርዶ ጋቢናውን ከፈተ፣ ቁልፉን አዞረ። ቢሴሳር ከላምባሳ ሲመለስ ሞልቶት ስለነበር መርፌው ወደ ላይ ወጣና ሙሉ ላይ ቆመ። ራምባሮስ ለሁላችንም እንዲታይ በሩን ክፍት ተወው።

«ይኸው! ምኑ ነው የተሳሳተው? የአባታችን መኪና ጌጅ ዋሽቶ አያውቅም። የሚዋሽ ሰው ነው።»

«ምን ለማለት ነው?»

«ረቡዕ ጀሪካን ይዘህ መጋዝ ቤት ሄደሃል ወይስ አልሄድክም?»

 «ሄጃለሁ» አለ ቢሴሳር።

«ሸጠህ ያንጎና ጠጥተህበታል። የልጅ ልጄ እንደ ውሻ ልጅ መንገድ ዳር እንድትወለድ አደረግክ!»

«ይህን ሁሉ ሰው ፊት ነው የምትለው?»

«ሁሉም ይስማ!»

ቢሴሳር ቁልፉን ከመኪናው ነቀለ፤ ደረጃው ላይ አስቀመጠው። ወንድሙን አልተሳደበም። ቦዩን ተሻግሮ ቤቱ ገባ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንድማማቾቹ አልተነጋገሩም።

ሩክሚኒ የአራስ ክፍሏ ውስጥ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። ሂራላል ከሳቩሳቩ ሲመጣ የመጀመሪያ ነገሯ ይህ ነበር፦ «አጎት ቢሴሳር እውነቱን ነው። በዓይኔ አይቻለሁ። መኪናው ሲጠፋ ሲሶ ይል ነበር።»

«ምጥ ላይ ያለች ሴት ምን ታያለች?» አላት ሂራላል። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። አባቱን ከሚጋፈጥ ሚስቱን ዝም ማሰኘት ቀለለው።

ራምባሮስ መኪናዋ ከግማሽ በታች እንዳትወርድ አዘዘ። «ማንም ሰበብ እንዳያገኝ» ብሎ ነው። ስለዚህ ጌጁ እንደገና ሲሶ ላይ ሲቆም ያየ ሰው አልነበረም።

ቢሴሳር ኑሮው ተለወጠ። ሚስቱ ሳቪትሪ ቀደም ብላ አርፋለች፣ ልጅ አልነበራቸውም። ያለው መኪናው፣ ከበሮውና ወንድሙ ነበር፤ በአንድ ቀን ሦስቱንም አጣ። በሸንኮራ ወቅት በገጀራ ቆራጭ ሆኖ ከጎረምሶች ጋር ይሰለፋል፣ ከወቅቱ ውጭ የሰው አጥር ያጥራል። ገበያተኛው ወደ ሌላ ሹፌር ሄደ። ማክሰኞ ማታ የማኅበሩ መዝሙር ሲሰማ ቢሴሳር በሩን ዘግቶ ይቀመጣል ይሉ ነበር። ከበሮውን ለሌላ ሰው ሰጡት፤ ያ ሰው ደግሞ ይቸኩላል፣ መዝሙሩን ሁሉ ያሯሩጠዋል።

አንድ ቀን አጥሬን ሲያጥርልኝ ጠየቅኩት። «ቢሴሳር፣ አንተ እኮ መኪና ፈትተህ የምትገጥም ሰው ነህ። ለምን ከሥሯ ገብተህ ጌጁ የተበላሸ መሆኑን አታሳያቸውም?»

«ለማን?» አለኝ፣ ሚስማሩን ከአፉ ሳያወጣ። «እኔን ያላመነ ሰው ሽቦ ያምናል?»

«የጀሪካኑንስ ነገር?»

ሚስማሩን አውጥቶ መታው። 

እንዲህ ሆኖ ዓመታት አለፉ። የዳገቷ ልጅ ትምህርት ቤት ገባች። ራምባሮስ ጉልበቱን አመመው፣ በዱላ መሄድ ጀመረ። ሂራላል ለእርሻው ትራክተር መከራየት ስለጀመረ ፒካፗ ማንጎው ሥር ቆማ ቅጠል ይረግፍባት ገባ። በመጨረሻ ከሴአቃቃ አንድ ሰው ሊገዛት ፈለገ፤ በሚቀጥለው ሳምንት መጥቶ ሊወስዳት ተነጋገሩ።

ይህን ሰምታ ቦዩን የተሻገረችው ሩክሚኒ ናት። ቢሴሳር በረንዳው ላይ ገጀራ ይስል ነበር። እኔ ከእሱ ጋር ተቀምጬ ሻይ እየጠጣሁ ነው።

«አጎቴ፣ መኪናዋ ልትሸጥ ነው» አለችው።

«ሰምቻለሁ። ይሽጧት፣ የራሳቸው ናት።»

«ከመሄዷ በፊት ጌጁ ይታይልኝ።»

«እንኳን ደህና መጣሽ። ሻይ ልስጥሽ?»

«ሻይ አልፈልግም። ከሄደች በኋላ ማን ያውቃል? የሴአቃቃው ሰው ፈትቶ ይጥለዋል፣ በቃ፣ ያለቀ ነገር ይሆናል።»

ቢሴሳር ገጀራውን ድንጋዩ ላይ አሻሸ። «ለእኔ አልቋል ልጄ። ያኔ ነው ያለቀው።»

«ለእርስዎ ብቻ መሰለዎት?» አለች። ድምጿ ከፍ አለ፤ ለባሏ አጎት እንዲያ መናገር ልማዷ አይደለም። «እኔም እኮ አለሁበት። አይቻለሁ ባልኩ ቁጥር ‹ምጥ አዙሯት ነው› እየተባልኩ ነው የኖርኩት። ዛሬም ጨው ጠፋ ብዬ ብናገር ይስቁብኛል፣ ‹ጌጁን አይታው ይሆናል› ይላሉ። እርስዎ ኮርተው ቤትዎ ተቀመጡ። እኔ የት ልቀመጥ? እዚያው ቤት ነው የምኖረው!»

ቢሴሳር መሳሉን አቆመ። ለረጅም ጊዜ የገጀራውን ስለት በአውራ ጣቱ ሲዳስስ ቆየ።

«ሰልባቲዮው ውስጥ ናፍጣ አለ?» አለ በመጨረሻ።

«ግማሽ አይሞላም። ሂራላል እንዳይሞላ ነግሬዋለሁ።»

«ሂራላል ያውቃል?»

«ነግሬዋለሁ አልኩ እኮ።»

ቅዳሜ ጠዋት ቢሴሳር የመሣሪያ ቆርቆሮውን ይዞ ቦዩን ተሻገረ። ከጠቡ ቀን በኋላ የመጀመሪያው ነው። ራምባሮስ በረንዳው ላይ ወንበሩን ወደ መንገዱ አዙሮ ተቀምጧል፤ ያላየ መስሎ። ፉልማቲ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ውስጥ ገባች። ጎረቤቱ አንድ አንድ እያለ መሰብሰብ ጀመረ። አንዱ አጥር ተደግፎ፣ «ሐኪሙ መጣ፣ በሽተኛዋ ትኖር ይሆን?» አለ። 

ቢሴሳር ማንንም ሰላም አላለም። መጀመሪያ ቁልፉን አዙሮ ሞተሩን ሳያስነሳ ጌጁን አየ። ከሲሶ ትንሽ ከፍ ብሏል። ከዚያ ሞተሩን አስነስቶ እስኪሞቅ ጠበቀና የሙቀቱን ጌጅ አየ፤ ቀስ ብሎ ወጥቶ መሀል ላይ ቆመ።

«ሁለቱም ጌጆች ኤሌክትሪክ የሚያገኙት ከአንድ ቦታ ነው» አለ ለሂራላል። «የሙቀቱ ደህና ከሆነ ከዚያ የሚመጣው ደህና ነው። ሌላ ቦታ እንፈልግ።»

ሞተሩን አጥፍቶ ቁልፉን እንደበራ ተወው፤ ከሥር ገብቶ ሰልባቲዮው ውስጥ ከናፍጣው ጋር ከፍና ዝቅ ከሚለው ተንሳፋፊ ወደ ጌጁ የሚሄደውን ሽቦ ነቀለ። «ሩክሚኒ፣ ጋቢና ግቢና ንገሪኝ» ብሎ ጮኸ።

ሩክሚኒ ገብታ ተቀመጠች። «ወደቀ! ከባዶም በታች ሆነ።»

የሽቦውን ጫፍ የመኪናው ብረት ላይ ነካው። «አሁንስ?»

«እየወጣ ነው… ሙሉ ላይ ደረሰ።»

«ጌጁ ደህና ነው፣ ሽቦውም ደህና ነው» አለ ቢሴሳር ከሥር ሆኖ። «የሚዋሸው እዚህ ታች ነው ያለው።»

ሽቦውን መልሶ አሰረ። የሰልባቲዮው ሽቦ ከመኪናው አካል ጋር የሚታሰርበትን ዝገት በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ አጸዳ። መርፌው ካለበት አልተነቃነቀም። ያን ጊዜ ትልልቅ ሳፋዎች አስመጣና ከሰልባቲዮው ሥር ያለውን ቡሎን ፈታ። ናፍጣው መውረድ ጀመረ።

«ስንት ላይ ነው?»

«ሲሶ» አለች ሩክሚኒ።

አንዱ ሳፋ ሞላ፣ ሂራላል ሌላ አቀረበ።

«አሁንስ?»

«ሲሶ።»

ናፍጣው ቀጠነ፣ እንደ ገመድ ሆነ፣ ከዚያ እንደ ክር። አጥሩ ጋ የቆመው ቀልደኛም አንገቱን አስግጎ ያያል።

«አሁንስ ልጄ?»

«ሲሶ ነው አጎቴ!» የጮኸችው ከሥር ላለው ሰው ብቻ እንዳልነበር ሁላችንም ገብቶናል።

ጠብ፣ ጠብ ብሎ ቆመ። ቢሴሳር ከሥር ወጣ፣ እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ ወደ በረንዳው አላየም።

ራምባሮስ ተነሳ። በዱላው ደረጃውን አንድ በአንድ ወረደ። ሩክሚኒ ከጋቢናው ልትወጣ ስትል «ቁጭ በይ» አላት። በመስኮቱ በኩል አንገቱን አስገብቶ ጌጁን አየ፤ ያኔ እሁድ እሁድ ያደርግ እንደነበረው።

«ቁልፉ በርቷል?»

«በርቷል አባባ።»

መርፌው ሲሶ ላይ ነበር። ራምባሮስ ወደ ጎን ሄዶ በዱላው ጫፍ ሰልባቲዮውን አንኳኳ። ባዶ ድምፅ ሰጠ። እንደገና አንኳኳ። ከዚያ ዱላውን ተደግፎ እዚያው ቆመ። ወደ በረንዳው አልተመለሰም።

ቢሴሳር ሥራውን ቀጠለ። ሂራላል በአንድ በኩል፣ እሱ በሌላ በኩል ሆነው ሰልባቲዮውን አወረዱት፤ ቡሎኖቹ ዝገው ስለነበር ረጅም ጊዜ ወሰደ። ተንሳፋፊውን አወጣና ሽቦውን ራቅ አድርጎ አሰረበት፣ ክንዱን በእጁ ወደ ታች አወረደው። ሩክሚኒ «ባዶ!» አለች። ወደ ላይ አነሳው። «ሙሉ!»

«ይሄም ደህና ነው» አለ ቢሴሳር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ግራ የገባው መሰለ። ሁሉም ነገር ለብቻው ሲሆን ደህና ነው። ታዲያ ምንድን ነው?

ሰልባቲዮውን አገላብጦ ሥሩን በእጁ ዳሰሰ። ጣቱ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ጭቃውን በካቻቢቴ ፋቀ። ወደ ውስጥ የገባ፣ የሰው ቡጢ የሚያስገባ ስርጉድ ነበር፤ ጎኑ ላይ ያረጀ ዝገት አለው። ተንሳፋፊው በወጣበት ቀዳዳ በኩል በትንሽ መስታወት አሳየን፦ ወለሉ ወደ ላይ ጉብ ብሏል። የተንሳፋፊው ክንድ ናፍጣው ሲያልቅ እዚያ ጉብታ ላይ ያርፋል፣ ከዚያ በታች አይወርድም።

«ጌጁ አልዋሸም» አለ። «ተንሳፋፊው ያለበትን ነው የነገረን።» ከዚያ ቀና ሳይል፣ «ይሄ የቅርብ ጊዜ ምት አይደለም። ማን መታት?» አለ።

 ሂራላል ሳፋውን እንደያዘ ቆሟል። ፊቱ ተለወጠ።

«ጉቶው» አለ።

«የምን ጉቶ?»

«ፑሽፓ ከመወለዷ በፊት፣ በሸንኮራው ወቅት። እርሻው ውስጥ ወደ ኋላ ስነዳ ጉቶ ላይ ወጣሁ። ጓ አለ። ወርጄ አየሁ፣ የሚፈስ ነገር የለም። ምንም አልሆነችም ብዬ ተውኩት።»

«ለማንም አልተናገርክም?» አለ ራምባሮስ።

«ምንም አልሆነችም ብዬ እኮ ነው አባባ። ከጌጁ ጋር ይገናኛል ብዬ መች አሰብኩ?»

ሩክሚኒ ከጋቢናው ወረደች። ቀሚሷን አራግፋ ባሏ ፊት ቆመች።

«ምጥ ላይ ያለች ሴት ምን ታያለች?» አለችው።

ሂራላል አንገቱን ደፋ። አጥሩ ጋ ከነበሩት ሴቶች አንዷ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ፊቷን በሻሿ ሸፈነች።

ቢሴሳር የታጠፈ ብረት በቀዳዳው አስገብቶ በእንጨት መዶሻ ጉብታውን ቀስ እያለ መለሰው። ሙሉ በሙሉ አልተስተካከለም። ከሰዓት በኋላ ሲገጥመውና ሲያየው መርፌው ከባዶ ትንሽ ከፍ ብሎ ቆመ። ሂራላልን ጠርቶ አሳየው፦ «እዚህ ጋ ሲደርስ እንደ አለቀ ቁጠረው። አትመነው።»

መሣሪያውን ሰብስቦ ሊሄድ ሲል ራምባሮስ፣ «ሻይ ጠጥተህ ሂድ» አለው።

«እጄ ናፍጣ ነው።»

«ውሃ አለ፣ ታጠብ።»

«ሌላ ጊዜ» አለና ቦዩን ተሻገረ። እኔ ይቅርታ ይባባላሉ፣ ይተቃቀፋሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። ሌላውም እንደኔ ጠብቆ ቅር እያለው ተበተነ።

ማክሰኞ ማኅበሩ በራምባሮስ ቤት ተሰበሰበ። ጸሎቱ አልቆ ጣፋጩ ከመታደሉ በፊት ራምባሮስ ተነስቶ ቆመ። ጉልበቱ ስለሚያመው ሁልጊዜ ተቀምጦ ነው የሚናገረው፤ ያን ዕለት ቆመ።

«ወንድሜ ናፍጣ ሸጠ ብዬ ነበር» አለ። «አልሸጠም። በዚህ በረንዳ ላይ ነው ያልኩት፣ ሁላችሁም ሰምታችኋል። ሌላ ሰፈር ሄዳችሁም ያወራችሁ አላችሁ። ያን ከእኔ የሰማ ሁሉ ይህንንም ከእኔ ይስማ። ሌባ አልኩት። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ምራቴም አይታ ነግራን ነበር፣ አልሰማናትም።» ዱላውን ተደግፎ ተቀመጠ።

ቢሴሳር በቦታው አልነበረም። በማግስቱ ጠዋት ልነግረው ሄድኩ። ጓሮው ውስጥ የካሳቫ ረድፍ ይኮተኩት ነበር። ቃል በቃል ነገርኩት።

«ማን ማን ነበር?» አለኝ።

ዘረዘርኩለት።

«ባለሱቁስ?»

«ነበር። በሩ አጠገብ።»

«እሺ» አለና መኮትኮቱን ቀጠለ። ትንሽ ቆሜ አየሁት። ቀድሞ የኮተኮተውን ረድፍ ነበር እንደገና የሚኮተኩተው።

በሚቀጥለው ማክሰኞ መጣ። ከኋላ፣ ጫማ የሚወልቅበት ጋ ተቀመጠ። ከበሮው ያው በሚቸኩለው ሰው እጅ ነበር፤ ማንም ለቢሴሳር ስጡት አላለም፣ እሱም አልጠየቀም። ነገር ግን መዝሙሩ መሮጥ ሲጀምር ቢሴሳር ጭኑን በመዳፉ ቀስ ብሎ ይመታ ነበር፤ ዙሪያው ያሉት ሰዎች የእሱን ምት ተከተሉ፣ ከበሮ መቺውም ሳይወድ ቀዝቀዝ አለ። ፉልማቲ ጣፋጩን ስታድል ለእሱ ሁለት እጥፍ ሰጠችው። ወንድማማቾቹ ያን ዕለትም የተለዋወጡት ቃል «ደርሰሃል?» «ደርሻለሁ» ብቻ ነው።

የሴአቃቃው ሰው ሲመጣ ራምባሮስ መኪናዋ እንደማትሸጥ ነገረው። ሰውዬው ተናደደ፣ ብዙ መንገድ መጥቻለሁ አለ። «የሁለት ሰው መኪና ናት፣ አንደኛውን ሳልጠይቅ ነው የተነጋገርኩት» አለው ራምባሮስ፤ ምሳ አብልቶ ሸኘው።

ገበያተኛው ወደ ቢሴሳር አልተመለሰም። አዲሱ ሹፌር ወጣት ነው፣ ሙዚቃ አለው፣ ይፈጥናል። ቢሴሳርም ዓይኑ ደክሟል፣ በዝናብ አይነዳም። ሐሙስ ሐሙስ ግን ራምባሮስን ለጉልበቱ ላምባሳ ክሊኒክ ይወስደዋል። ባለፈው ወር እኔም ዘር ልገዛ አብሬያቸው ሄድኩ፤ ጋቢናው ውስጥ በመሀላቸው ተጣብቄ ተቀመጥኩ። መስኮቱን አንዱ ይከፍታል፣ ሌላው ዝጋው ይላል። የናምባሊን ዳገት ስንወጣ ግን ሁለቱም መስኮቱን ረሱት።

«ያን ጊዜ ናፍጣውን ቀድቼ ባየሁት ኖሮ» አለ ራምባሮስ በመጨረሻ፣ ፊት ለፊት መንገዱን እያየ።

«ጀሪካኑ ባዶ ነበር» አለ ቢሴሳር።

«የቱ ጀሪካን?»

«የረቡዕ ዕለቱ። ወደ መጋዝ ቤት ባዶ ይዤ ሄድኩ፣ የተቃጠለ ዘይት ሞልቼ ተመለስኩ። የአጥሩን እንጨት ምስጥ እየበላው ነበር፣ ልቀባው ነው። ባለሱቁ ስሄድ እንጂ ስመለስ አላየኝም።»

ራምባሮስ ወደ እሱ ዞረ። «ይህን ሁሉ ዓመት! ለምን አልነገርከኝም?»

«አልጠየቅከኝማ። ሸጥክ ነው ያልከኝ።»

«ሄደሃል ወይ ብዬ ጠይቄሃለሁ።»

«ሄጃለሁ አልኩህ። ለምን ሄድክ አላልከኝም።»

«አንተም ግትር ነህ!»

«ያሳደግከኝ አንተ ነህ» አለ ቢሴሳር፤ ማርሽ ቀየረ።

ራምባሮስ ሊቆጣ አፉን ከፈተና ሳቁ አመለጠው፤ ከሳል ጋር የተቀላቀለ የሽማግሌ ሳቅ ነው። ቢሴሳር አልሳቀም፣ ጢሙ ግን ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። ከዚያ እስከ ላምባሳ የራምባሮስ እጅ በእኔ ጀርባ በኩል የወንበሩ መደገፊያ ላይ ተዘርግታ፣ ጣቶቹ የወንድሙን ትከሻ እየነኩ ነበር።

ክሊኒኩ በር ላይ ስንደርስ ቢሴሳር እንደ ልማዱ መኪናዋን ጥላ ሥር አቁሞ ሊጠብቅ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። ራምባሮስ ወርዶ በሩን እንደያዘ ቆመ።

«እኔ እኮ ሐኪሙ የሚለው ሁሉ አይገባኝም» አለ። «አብረኸኝ ግባ።»

ቢሴሳር ቁልፉን ነቅሎ ወረደ። የወንድሙን ክንድ ይዞ ደረጃውን አብረው ወጡ።